ያገለገለ አልትራሳውንድ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ለገጣፎ አካባቢ ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ ከከፈትኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በብዛት የሚመጡልኝ የግቢ ውሾች ናቸው፤ አልፎ አልፎ ድመት። አንድ የሰው ክሊኒክ ዕቃውን እየሸጠ ስለሆነ ያገለገለ አልትራሳውንድ በደህና ዋጋ አገኘሁ። ሁለት ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚያርፈው መመርመሪያ) አለው፤ ሰፊው የሆድ ፕሮብ፣ እና ለሴቶች የውስጥ ምርመራ የሚሆነው ረጅሙ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ነክቼው አላውቅም። ሻጩ እስከ ቅዳሜ ይጠብቀኛል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? ከገዛሁስ ከምን ልጀምር?»

ዶክተር፣ በዕድሜም በሥራም ስለምቀድምሽ አንቺ ልበልሽ። አጭሩ መልሴ፦ ፕሮቡ ጤነኛ ከሆነ ግዢው። ጤነኛ መሆኑን እንዴት እንደምታውቂ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። ረጅሙ መልስ ግን ስለ ማሽኑ አይደለም። ማሽኑን ስለምትጠይቂው ጥያቄ ነው።

እኔ የምሠራው በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ በሰበታ መስመር ነው። እንደ አንቺው ያገለገለ ማሽን ገዝቼ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያዎቹን ወራት ያባከንኩት ሁሉንም ነገር ለማየት ስሞክር ነው። ውሻ መጣ፣ ጄል ቀባሁ፣ ሆዱን ከላይ እስከ ታች አሰስኩ። ግራጫ ነገር አየሁ። ሌላም ግራጫ ነገር አየሁ። ባለቤቱ «ምን አለው ዶክተር?» ይለኛል፤ የምመልሰው የለኝም። አልትራሳውንድ «ይህ ውሻ ምን ሆነ?» ብትዪው ዝም ይልሻል። «ሆዱ ውስጥ ፈሳሽ አለ ወይስ የለም?» ስትዪው ግን ቁርጡን ይነግርሻል። ዛሬም ድረስ ፕሮቡን ከማንሳቴ በፊት ጥያቄዬን ካርዱ ላይ በአንድ መስመር እጽፋለሁ። አዎ ወይም አይ ተብሎ የሚመለስ መሆን አለበት።

ለሌላው አንባቢ ትንሽ ላብራራ። አልትራሳውንድ የገደል ማሚቶ ነው። ፕሮቡ ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል። ድምፁ በለስላሳ አካል ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ነጥሮ የሚመለሰውን ማሽኑ ምስል ያደርገዋል። ጥርት ያለ ፈሳሽ ድምፅ ስለማይመልስ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጉበትና ጣፊያ ግራጫ ናቸው። አጥንት፣ ጠጠርና አየር ግን ነጭ ናቸው፤ ከጀርባቸው ያለውንም ይጋርዱታል። እንግዲህ ማሽኑ ከሁሉ በላይ የሚጎብዘው ጥቁሩን በማግኘት ነው። ጀማሪ ዐይንም ቢሆን ጥቁርን ለመለየት ብዙ አይቸገርም። ለዚህ ነው ከፈሳሽ ጀምሪ የምልሽ።

ባለፈው ክረምት ሲኖ የገጨው ውሻ በባጃጅ ይዘውልኝ መጡ። የሦስት ዓመት ቡናማ ወንድ ውሻ፣ የጋራዥ ጠባቂ። በእግሩ ቆሟል፣ ጅራቱንም ይቆላል። ያመጡት ልጆች «ምንም አልሆነም አይደል?» ይሉኛል። ድዱን ገልጬ አየሁት፤ ነጣ ብሏል። ልቡ ይፈጥናል። በጎኑ አስተኛነውና አራቱን ቦታ አየሁ። ከደረቱ አጥንት ጫፍ ሥር፣ ጉበትና ድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) የሚገናኙበት። በግራ ጎኑ፣ ጣፊያውና ግራ ኩላሊቱ ያሉበት። ፊኛው ላይ። በቀኝ ጎኑ፣ ጉበቱና ቀኝ ኩላሊቱ ያሉበት። አራቱም ንጹሕ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ወደ ቤት አልሸኘሁትም። ደም ሥሩ ላይ መርፌ አስገብቼ ሪንገር የሚባለውን ፈሳሽ ከፈትኩለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ እነዚያኑ አራት ቦታዎች ደገምኩ። ፊኛው አጠገብ ቀድሞ ያልነበረ ጥቁር ነገር አለ፤ ትንሽ፣ ጥጉ የሾለ፣ ሦስት ማዕዘን። ነፃ ፈሳሽ እንዲህ ነው። ክብ ሆኖ አይቀመጥም፤ በአካላቱ መካከል ባገኘው ክፍተት ሁሉ ይሾልካል። ሌላ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ሳይ ሦስት ቦታ ላይ ደርሷል። በቀጭን መርፌ ሳብኩት፤ ደም ነው፣ አይረጋም። ሆዱን በፋሻ አሰርነው፣ ሪንገሩን ቀነስ አድርገን በጥንቃቄ ሰጠነው፣ ሌሊቱን አጠገቡ አደርን። ሆዱ ሳይቀደድ ደሙ ቆመለት። ድዱ ሙሉ በሙሉ ነጭ እስኪሆን ብጠብቅ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

አራቱን ቦታ ከዜሮ እስከ አራት ነጥብ ስጪያቸው። ፈሳሽ ያለበት ቦታ አንድ፣ የሌለበት ዜሮ። ሰዓቱን አጠገቡ ጻፊ። ከአንድ ጊዜ ምርመራ ይልቅ የሚጠቅምሽ ነጥቡ እየጨመረ ነው ወይስ ባለበት ቆሟል የሚለው ነው። ደህና የሚመስለውንም ውሻ ቢሆን ከአራት ሰዓት በኋላ ድገሚው፤ ያላማረሽን ደግሞ ቶሎ ቶሎ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ ጥናት መኪና የገጫቸውን 100 ውሾች በዚህ መንገድ ሲያይ በ45ቱ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ አግኝቷል። ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት ነው የቀራቸው። ለገጣፎ መንገድ ዳር ለሚሠራ ሰው ይህ ብቻውን ማሽኑን ያስገዛል። ደግሞ የሳብሽው ፈሳሽ ደም ካልመሰለሽ ፊኛው ፈንድቶ እንዳይሆን አስቢ። ከፈሳሹና ከደሙ ናሙና ወስደሽ ላቦራቶሪ ላኪ፤ የፈሳሹ ክሬአቲኒን (ኩላሊት በሽንት የሚያስወጣው ቆሻሻ) ከደሙ እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ ሽንት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ማህፀኗ በፈሳሽ ተሞልቷል ወይ?

የእኛ አካባቢ ሴት ውሾች አብዛኞቹ አልመከኑም። አንዳንዶቹ ወንድ ከፈለጉበት ጊዜ ወር ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ማህፀናቸው መግል ይቋጥራል። አንዲት እማማ ስድስት ዓመት የሆናትን ጀርመን ሼፐርድ ይዘው መጡ። ከስድስት ሳምንት በፊት ከጎረቤት ውሻ ጋር ተገናኝታለች። ሆዷ ተነፍቷል። እርሳቸው ደስ ብሏቸዋል፤ ወተትም ሥጋም ሲያቀርቡላት ከርመዋል። «ልጄ፣ ስንት እንደሆኑ ብቻ ንገረኝ» አሉኝ። ውሻዋ ግን ምግብ ትታለች። ውሃ ደግሞ ባልዲ ሙሉ ትጠጣለች።

ፕሮቡን ፊኛዋ ላይ አሳረፍኩ። ጤነኛ ማህፀን በፊኛና በደንዳኔ መካከል ያለ ቀጭን ነገር ነው፤ ፈልገሽም ላታገኚው ትችያለሽ። የእርሷ ግን ከአውራ ጣት የወፈረ ጥቁር ቱቦ ነው፤ ወዲያ ይጠማዘዛል፣ ወዲህ ይመለሳል። በስድስት ሳምንት እርግዝና ጭንቅላት፣ የጎድን አጥንት፣ የሚመታ ልብ ማየት ነበረብኝ። አንድም የለም። ጥቁሩ ውስጥ ደቃቅ ነገር እንደ አቧራ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። አንጀት እንዳይሆን ፕሮቡን ሳላንቀሳቅስ ጠበቅኩ። አንጀት ትንሽ ከታገሥሽው ይኮማተራል፣ ይንቀሳቀሳል። ይህ ዝም አለ። ስክሪኑን ወደ እማማ አዞርኩና አሳየኋቸው። «እዚህ ውስጥ ቡችላ የለም፤ መግል ነው። ዛሬ ካልወጣ አትተርፍም» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ስክሪኑን አዩ። ከዚያ «በል እንግዲህ፣ አውጣላት» አሉኝ። ማታውኑ ማህፀኗን አወጣን። በአራተኛው ቀን ግቢው በር ላይ ቆማ ስትጮህ ልጃቸው ቀርጾ ላከልኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መግል የጠረጠርሽበትን ማህፀን «ናሙና ልውሰድ» ብለሽ በመርፌ አትውጊ። ሆዷ ውስጥ ብታፈሺው ራስሽ ገደልሻት ማለት ነው። ጥርጣሬ ካለሽ ሽንትም ቢሆን በመርፌ ከፊኛ አትሳቢ።

እርግዝናን በተመለከተ ደንበኛሽ ከሁሉ አብልጦ የሚጠይቅሽ እርሱን ነው። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ገደማ ነው። ከተገናኘች 25 ቀን ሳይሞላት ከመጣች መልሰሻት ሌላ ቀን ቅጠሪያት። ከ28 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ክብ ክብ ጥቁር ከረጢት ታያለሽ፤ ውስጡ ግራጫ ፅንስ፣ መሃሉ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ልብ። ያንን ብልጭታ ለባለቤቱ አሳዪው። ድምፁ ለቡችሎቹ ጉዳት የለውም፤ እንደ ራጅ ጨረር አይደለም።

ቁጥር ግን አትናገሪ። ይህን የምልሽ ከደረሰብኝ ነገር ተነስቼ ነው። በሥራዬ ሁለተኛ ዓመት ለአንድ ደንበኛ «ሦስት ናቸው» አልኩት። ደጋግሜ ቆጥሬ ነው፤ እርግጠኛ ነበርኩ። ማታ ሦስት ወለደች። ሰውዬው አለቀ ብሎ ተኛ። አራተኛው በመውጫው ላይ ተሰንቅሮ ነበር። ጠዋት ሲመጣ ቡችላው ሞቷል፤ እናቲቱ ተንቀጥቅጣ፣ ትኩሳቷ ጨምሮ፣ ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች። እርሷን አተረፍናት። የሰውዬውን ፊት ግን አልረሳውም። ያመነው እኔ የሰጠሁትን ቁጥር ነበር። የማህፀኑ ሁለት ቀንዶች እየተጠማዘዙ ስለሚሄዱ አንዱን ቡችላ ሁለቴ ትቆጥሪያለሽ፤ ሌላውን ጭራሽ ትዘይዋለሽ። ቁጥር ለሚፈልግ ሰው ከ55ኛው ቀን በኋላ ራጅ አንሺ፤ ያኔ አጥንታቸው ጠንክሮ በደንብ ይቆጠራል። ራጅ ከሌለሽ ያለበት ቦታ ላኪው። አንቺ የምትናገሪው «አርግዛለች፣ ልባቸው ይመታል» የሚለውን ብቻ ነው።

በምጥ ሰዓት ደግሞ ልባቸውን መቁጠር ትልቅ ነገር ነው። ጤነኛ ቡችላ ማህፀን ውስጥ ልቡ በደቂቃ ከ200 በላይ ይመታል። ደጋግመሽ ለክተሽው ከ180 በታች ሆኖ ከቀረ ተጨንቋል፤ በቀዶ ጥገና ለማውጣት ተዘጋጂ። ምጥ ሲመጣ ልብ ለአፍታ ይወርዳልና በአንድ ልኬት ብቻ አትወስኚ።

የፊኛ ጠጠር ላይ ብዙ አልቆይም። ነጭ ነው፣ ከሥሩ ጥቁር ጥላ ይጥላል። ነገር ግን ደንዳኔ ውስጥ ያለ ሰገራና አየርም ልክ እንደዚያው ሆኖ ፊኛውን ከውጭ ሲጫነው ጠጠር ይመስላል። ውሻውን አቁመሽ እንደገና እዪው። ጠጠር ከሆነ ተንከባልሎ ወደ ታች ይወርዳል። ፕሮቡንም ዘጠና ዲግሪ አዙረሽ እዪ። በሁለቱም አቅጣጫ ያልታየሽን ነገር ጠጠር ብለሽ ቢላ አታንሺ። ባዶ ፊኛ አይተሽም አትፍረጂ፤ ከመጡ በኋላ ውሻው ግቢ ውስጥ እንዳይሸና ለባለቤቱ ንገሪው። ያልተኮላሸ ሽማግሌ የግቢ ውሻ ሲያምጥና ሰገራ ሲያቅተው ደግሞ ከፊኛው ኋላ ፕሮስቴቱን ፈልጊ።

አሁን ደግሞ ፕሮቡን የማታነሺበትን ጊዜ። ከብልቷ ደም የሚፈሳት ሴት ውሻ ስትመጣ ሁሉም «ማህፀኗ ነው፣ አልትራሳውንድ አንሺልን» ይላል። መጀመሪያ ጓንት አድርገሽ በጣትሽ ፈትሺ። መንገድ ላይ ከሚዞሩ ውሾች ጋር በግንኙነት የሚተላለፈው ዕጢ እኛ ጋ ብዙ ነው፤ እንደ አበባ ጎመን የተፈረካከሰ ሥጋ ጣትሽ ላይ ይመጣል። እርሱ ቪንክሪስቲን በሚባለው የካንሰር መድኃኒት በየሳምንቱ ታክሞ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ማሽን ላይ ሰዓት ማጥፋት አያስፈልግም።

ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሀጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ከመጣም አትንኪው። የእብድ ውሻ በሽታ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ለቆ አያውቅም። ሆዱን ለማየት ብለሽ ፊቱ አጠገብ አትቀመጪ። አንቺም ረዳትሽም ቅድመ መከላከያውን ክትባት ካልወሰዳችሁ ከማሽኑ በፊት እርሱን አስቀድሙ።

ሌላው የሚጠይቁሽ የኮሶ ነገር ነው። በዓል ባለፈ ቁጥር የበጉ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያዩ ሰዎች «ውሻችንም ይዞት ይሆናል፣ እዪልን» ብለው ይመጣሉ። ከረጢቱ በበግና በሰው ጉበት ላይ ሲሆን አልትራሳውንድ በደንብ ያሳየዋል። ውሻው ላይ ግን ትሉ አንጀት ውስጥ ነው ያለው፤ ርዝመቱም ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ማሽኑ አያገኘውም። ገንዘባቸውን አትቀበዪ፤ የኮሶ መድኃኒቱን ፕራዚኳንቴል ስጪና ጥሬ ሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠት እንዲተዉ ንገሪያቸው። በሽታው ወደ ልጆቻቸው የሚሄደው በዚያ ውሻ በኩል ነው።

ስለ ዝግጅት። ቶንዶስ ይኑርሽ። የእኛ ውሾች ፀጉር አቧራና አየር ይይዛል፤ ሳትላጪ ጄል ብቻ ብትደፊበት የምታዪው ጭጋግ ነው። አልኮል ቀብቶ ማየት ፈጣን ነው፤ ግን የፕሮቡን ፊት እያደረቀ ይሰነጥቀዋል፤ እኔ ትቼዋለሁ። ወፍራም ስፖንጅ መሃሉን እንደ ገንዳ አስቆርጠሽ በላስቲክ ሸፍኚው፤ ውሻው በጀርባው ሲተኛበት አይንከባለልም። የተገጨ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ውሻ ግን በጀርባው አይተኛም። ለቀጠሮ የሚመጣው ከማታ ጀምሮ ይጹም። ማስተኛ ካስፈለገሽ ዛይላዚን ሆድ ውስጥ አየር እንደሚያስቋጥርና እንደሚያስመልስ አስቢ። አሴፕሮማዚን ከሰጠሽ ደግሞ ጣፊያው አብጦ ሲታይሽ አትደንግጪ፤ መድኃኒቱ ነው። እኔ የሚቀመጥ ውሻ ከሆነ ባለቤቱን ጭንቅላቱ ጋ አስቀምጬ፣ አፉን አስሬ፣ ያለ መድኃኒት ነው የምሠራው። መጋረጃውን ዝጊ። ስክሪኑ በብርሃን ውስጥ ግማሹን ይደብቅሻል።

እጅሽን ማሟሻ የሚሆንሽ የራስሽ ጤነኛ ውሻ ነው። በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ ፊኛ፣ ግራ ኩላሊት፣ ጣፊያ፣ ጉበት፣ ቀኝ ኩላሊት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል። የፕሮቡ ምልክት ሁሌ ወደ ጭንቅላት ይሁን፤ በአግድም ስትይዢው ወደ ውሻው ቀኝ። አንቺ ላም ውስጥ እጅሽን አስገብተሽ ማህፀን ዳብሰሽ አድገሻል። ምን የት እንዳለ እጅሽ ያውቃል። አሁን የቀረው ዐይንሽ ከእጅሽ ጋር መተዋወቁ ነው።

እንግዲህ ወደ ዕቃው። ሰፊው የሆድ ፕሮብ የድምፁ የንዝረት ፍጥነት ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ነው። ጠልቆ ያያል፣ ግን አያጠራም። ለትልቅ ሼፐርድ ፈሳሽና ማህፀን ለማየት ይበቃሻል። ለትንሽ ውሻና ለድመት ፊቱ ይሰፋል፣ ከጎድን አጥንት ሥር አይገባልሽም። ረጅሙ ፕሮብ ጫፉ ጠባብ፣ የንዝረት ፍጥነቱም ከፍ ያለ ስለሆነ ለትንንሾቹ ቆዳ ላይ አድርገሽ ልትገለገዪበት ትችያለሽ። አያያዙ ግን እጅ ያደክማል። ቀስ ብለሽ ገንዘብ ስታገኚ ከ5 እስከ 8 ሜጋኸርዝ የሆነች ትንሽ ጠማማ ፕሮብ ጨምሪ። ስለዚህ ሻጩን አስቀድመሽ ጠይቂው፦ ማሽኑ ሌላ ፕሮብ ይቀበላል? ዛሬም ይገኝለታል? ከሰንዳፋ በኩል የወተት ላም ያላቸው ደንበኞች ካሉሽ ለላም የሚሆነው ቀጥ ያለ ፕሮብ ቢገጠምለት ከ28 እስከ 30 ቀን የሆነ እርግዝና ታዪበታለሽ። የማሽኑን ዋጋ የሚመልሱልሽ ምናልባት ላሞቹ ናቸው።

ቅዳሜ ስትሄጂ ውሻሽን፣ ጄልና አንድ የወረቀት ክሊፕ ይዘሽ ሂጂ። ማሽኑን ከፍተሽ፣ ፕሮቡ ላይ ጄል ቀብተሽ፣ የተዘረጋውን ክሊፕ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ቀስ ብለሽ ጎትቺ። ስክሪኑ ላይ ያለው ብርሃን አብሮ መጓዝ አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ከጠፋ እዚያ ያለው ክሪስታል ሞቷል። ጠርዝ ላይ ከሆነ ዋጋ አስቀንሺ፤ መሃል ላይ ከሆነ ተይው። ኬብሉ ከፕሮቡ የሚወጣበትን አንገት ይዘሽ ቀስ ብለሽ አጠማዝዢው። ምስሉ ከተርገበገበ ውስጡ ተበልቷል። የፕሮቡን ፊት በጥፍርሽ ዳብሺ፤ ስንጥቅ ካለው ፈሳሽ ይገባበታል። ከዚያ ውሻሽን አስተኚና ፊኛዋን ፈልጊ። ጥርት ያለ ጥቁር፣ ዙሪያው ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ከታየሽ ክፈዪ። ስታቢላይዘሩን ግን ከዚያው መንገድ ሳትመለሺ ግዢ፤ የእኔ የመጀመሪያው ማሽን የተቃጠለው መብራት ጠፍቶ በተመለሰበት ቅጽበት ነው።